ለእናትነት የተመረጠች

በመሪ ውሾች ማርቢያው ግቢ እውነተኛ ስሟን የሚጠራት ሰው አልነበረም። ከበር ጠባቂው እስከ ኃላፊው ድረስ ሁሉም «ሚዛን» ነበር የሚሏት። ስሙን ያወጣላት ዋናው አሠልጣኝ ነው። እሱንም በተራው፣ ጠዋት ጠዋት ውሾቹን እንደ ወታደር አሰልፎ ስለሚያናግራቸው፣ «ሻለቃ» ይሉታል። የሚዛን ሥራ መምረጥ ነው። በየዓመቱ ከሚያድጉት አርባና ሃምሳ ውሾች አብዛኞቹ ሠልጥነው ዓይነ ስውራንን መንገድ ሊመሩ ይሄዳሉ። ሁለት ወይም ሦስት ሴቶች ግን ለእናትነት ይቀራሉ። የሚቀሩት ደግሞ ተራፊዎቹ ሳይሆኑ ምርጦቹ ናቸው።

አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ይኼ ነገር ግር ይለዋል። «ምርጦቹማ ለሰው ነው መሰጠት ያለባቸው» ይላል። ሚዛንም መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች፣ «ምርጥ ምርጡን እየሰጠን ከተረፈው ብናራባ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ምን ይዘን ልንቀር ነው?» ብላ ትመልሳለች። ደንቡ እንዲወጣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ጉሮሮዋ እስኪደርቅ የተሟገተችው ራሷ ነበረች። ያን ጊዜ ታዲያ የወንድሟ ዓይን ደህና ነበር።

ወንድሟ አናጢ ነው፤ በስድስት ዓመት ታናሿ። የዓይኑ ሕመም መጀመሪያ ከዳር ከዳር እያጠበበበት መጣ፤ በኋላ ድርግም አለ። አራት ዓመት ሆነው። መጋዙን፣ መላጊያውንና መሮዎቹን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አልጋ ሥር ከተታቸው። ነጩን በትር ሲሰጡት አመስግኖ ተቀበለና ከበሩ ጀርባ አቆመው፤ ከዚያ በኋላ አልነካውም። ኑሮው ከመኝታ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን በረንዳ ሆነ። ለመሪ ውሻ ያስመዘገበችው ሚስቱ ናት። ሁለት ዓመት ተራ ሲጠብቅ ሚዛን አንድም ቀን በመዝገቡ እጇን አላስገባችም።

ተራው ሲደርስ ሻለቃ የእርምጃውን ርዝመትና ፍጥነት ለካና ዳማን መደበለት። ዳማ ቀላ ያለች ቡናማ፣ ደረቷ ላይ ጥፍር የምታህል ነጭ ነጥብ ያለባት ውሻ ናት። ጠባይዋን ያየ ሁሉ ለእናትነት አጭቷት ነበር። ግን በዓመት ከሁለት ወሯ የተነሣችው ራጅ ግራ ዳሌዋ እንደሚያጠራጥር ስላሳየ ከእናቶቹ ዝርዝር ወጣች። ዳሌው የማይታመን ውሻ አይራባም፤ ጉድለቱ ለልጆቹ ይተርፋልና።

ወንድምየው ከዳማ ጋር አሥራ ሁለት ቀን ተለማመደ። በሰባተኛው ቀን ሚስቱ ለሚዛን ደወለችላት። «ዛሬ እኮ ሲያፏጭ ሰማሁት!» አለች። «መንገድ ላይ! እኔ ከኋላ ስከተላቸው፣ 'አንቺ ሴትዮ፣ ወደኋላ ቅሪ፣ ታዘናጊናለሽ' አይለኝ መሰለሽ!» ሁለቱም በስልኩ ጫፍና ጫፍ ሳቁ፤ ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ።

ዳማ ሐሙስ እንድትመክን ቀጠሮ ተይዞላት ነበር፤ ለመሪነት የሚሄዱት ሴቶች ሁሉ አስቀድመው ይመክናሉ። ሰኞ ጠዋት የእንስሳት ሐኪሙ፣ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ልጅ፣ ሁለት የራጅ ፊልም ይዞ የሚዛን ቢሮ በር ላይ ቆመ። ጆሮው ቀልቷል።

«እሜቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ።

«ቁጭ በልና ንገረኛ።»

«የመጀመሪያው ራጅ ሲነሣ ዳማ ጠረጴዛው ላይ ዘመም ብላ ነበር የተኛችው። ወገቧ ጠሟል። እዚህ ጋ ይዩት፣ ሁለቱ አጥንቶች እኩል አይደሉም። ያኔ ማስተዋል ነበረብኝ። ሐሙስ ከማምከኔ በፊት ልቤ አልቀበል ብሎኝ ዛሬ ቀጥ አድርጌ አስተኛኋትና ደግሜ አነሣኋት።» ሁለተኛውን ፊልም መስኮቱ ላይ አስደግፎ አሳያት። «በዚህ ዓመት ካየሁት ዳሌ ሁሉ ይኼ ይበልጣል።»

ሚዛን ፊልሙን አየችው። ሁለቱ የጭን አጥንቶች ማቀፊያቸው ውስጥ፣ እንቁላል ማንኪያ ላይ እንደሚቀመጥ፣ ጥልቅ ብለው ተቀምጠዋል። እንግዲያው ዳማ ከእናቶቹ ዝርዝር የምትወጣበት ምክንያት የለም።

ሻለቃን ጠሩት። ዳሌው ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ። ግን የዳማን መዝገብ ሲገልጡት ሌላም ነገር ወጣ። አብረዋት ከተወለዱት ሰባት ቡችሎች ስድስቱ ሥልጠናውን አልፈዋል፤ በግቢው ታሪክ ከአንድ ሆድ ይህን ያህል ያለፈበት ጊዜ የለም። የእናቷ ዓይን ንጹሕ፣ የአያቷ ልብ ጤነኛ፣ በአባቷ በኩል የሚያሳክክ ቆዳ እንኳ የለም። ውሻ የሚመረጠው በራሱ መልክ ብቻ አይደለም፤ ወላጆቹም ወንድሞቹም አብረው ይመሰክራሉ።

ሻለቃ መዝገቡን ዘጋው። «እኔ ምንም አላየሁም» አለ። «ዳማ ለወንድምሽ ተመድባለች። ሐሙስ ትመክን፣ ቅዳሜ ቤቱ ትግባ።»

«እኔ ከዚህ ጉዳይ ልውጣ» አለች ሚዛን። «ወንድሜ ነው። እናንተ ወስኑ።»

«አንቺ ከወጣሽ እኔ ለወንድምሽ እፈርዳለሁ፣ ይኼ ልጅ ደግሞ ለውሻዋ ይፈርዳል። ከዚያ ማን ሊዳኘን ነው? ሸሽተሽ የት ትደርሻለሽ?»

ሐኪሙ መሬት መሬቱን እያየ፣ «የጠባይ ፈተናው ይደገም» አለ። «ለእናትነት የሚፈለገው ከመሪነቱ ይጠብቃል። ብትወድቅ ሁላችንም እንገላገላለን።»

ፈተናውን መምራት የሚዛን ሥራ ነበርና ከሰዓት በኋላ ዳማን ወደ ረጅሙ አዳራሽ አስገቧት። የማታውቃት የጽዳት ሠራተኛ ገመዷን ያዘች። መጀመሪያ አንድ ሰው ከምሰሶ ጀርባ ወጥቶ ጥቁር ጃንጥላ ፊቷ ላይ ቧ አድርጎ ከፈተ። ዳማ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለች፤ ከዚያ ጃንጥላውን ልታሸት ተጠጋች። ሥሩ ወለል ብሎ በሚታይበት የብረት ወንፊት ደረጃ ላይ፣ ጥፍሮቿ እየተንቀጫቀጩ፣ ወጥታ ወረደች። ወለሉ ላይ የተበተነውን ሥጋ አንገቷን አዙራ አለፈችው። የመጨረሻው ትሪው ነው። የብረት ትሪ ከሰው ቁመት ከጀርባዋ ይወድቃል። የማይደነግጥ ውሻ አይፈለግም፤ የማይደነግጥ ወይ ደንቆሮ ነው ወይ ግድ የለሽ። የሚለካው ድንጋጤው አልፎ ወደ ራሷ እስክትመለስና ትሪውን ራሷ ሄዳ እስክታየው የሚፈጀው ጊዜ ነው። ከአሥር ሴኮንድ ካለፈ ለእናትነት አትሆንም።

ትሪው ወደቀ። ዳማ ዘለለች፤ ጅራቷ ሆዷ ሥር ገባ። ወዲያው ዞራ ትሪውን አየችው፣ ሄደች፣ አሸተተችው፣ በአፍንጫዋም ገፋ አደረገችው። ሰዓቱ በሚዛን እጅ ነበር። አራት ሴኮንድ። ሻለቃ ዳር ቆሞ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ነው፤ ሐኪሙ በሩን ይዟል። አሥራ ሁለት ብላ ብትጽፍ ለምን የሚላት አልነበረም። እርሳሷ ወረቀቱ ላይ ተተከለ። የወንድሟ ፉጨት፣ በጆሮዋ እንኳ ያልሰማችው፣ ጆሮዋ ውስጥ ነበር።

«አራት» ብላ ጻፈች።

በማግስቱ ዳማን እዚያው አዳራሽ፣ እዚያው ቦታ መልሰው አመጧት፤ ትናንት የደነገጠችበትን ስፍራ ቂም ይዛበት እንደሆነ ለማየት። ዳማ እየተፍነከነከች ገባችና ትሪው የወደቀበት ቦታ ላይ ዘፍ ብላ ተኛች። ሻለቃ የዳማን ስም በራሱ እጅ እናቶቹ ዝርዝር ላይ ጻፈው።

ሚዛን ለወንድሟ ራሷ ልትነግረው ሄደች። ሳሎን ቁጭ ብሎ ጣቶቹን ጠረጴዛው ላይ እያስኬደ ለሚስቱ ስለ መንገዱ ይነግራት ነበር፤ ከዳማ ጋር ሁለቱን መሻገሪያ አልፎ፣ የድሮ ባልደረባው የእንጨት ሥራ ቤት ድረስ እንዴት እንደሚሄድ። የእህቱን እርምጃ ሲሰማ ፊቱ በራ።

«ነይ፣ እህትዓለም! ቅዳሜ በስንት ሰዓት ነው የምታመጡልኝ?»

ቆማ ነገረችው። ብትቀመጥ መናገር የምትችል አልመሰላትም። ስለ ራጁ፣ ስለ ፈተናው፣ ስለ ደንቡ። እሱ ጣቶቹን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ ጭኑ ላይ አኖራቸው።

«ፈተናውን ማን ፈተናት?»

«እኔ።»

«ሰዓቱን ማን ያዘ?»

«እኔ ነኝ የያዝኩት።»

«ዓይኔ ሲጠፋ ሐኪሞቹ ብዙ ነገር ነግረውኛል» አለ። «እህትህም አብራ ትሄዳለች ያለኝ ግን የለም።» ተነሥቶ ግድግዳውን እየዳሰሰ መኝታ ቤት ገባ።

ሚስቱ እስከ ውጭው በር ሸኘቻት። «ምናለ ዝም ብትይ?» አለቻት፤ ድምጿ ቁጣ የለበትም፣ ልመና ነው የሚመስለው። «ለአንድ ጊዜ እንኳ ምናለ?»

ሚዛን እጇን ጨበጥ አድርጋ ለቀቀቻትና ወደ መንገዱ ወረደች።

ወንድሟ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስልኳን አላነሳላትም። ሚዛን ሥራ ላይ ቅጭም ብላ ሰነበተች፤ ሻለቃ እንኳ መቀለዱን ተወ። አንድ ቀን ማልዳ ቡችሎች ስትመዝን በር ጠባቂው እየሮጠ መጣ። «አንድ ሰውዬ ፈልጎሻል። ብቻውን ነው። ዓይኑ...» አለና ቃሉን ዋጠው።

ወንድሟ በሩ ላይ ቆሟል። እጁ ላይ ያ ነጭ በትር አለ። አንዱን ጉልበቱን አቧራ ነክቶታል፤ የሆነ ቦታ ወድቋል ማለት ነው። ልትደግፈው ስትንደረደር ኮቴዋን ሰምቶ እጁን ዘረጋ፤ ሊያቆማት።

«እንዳትይዢኝ። ታክሲው አስፋልቱ ላይ ጣለኝ፤ ከዚያ ወዲህ በራሴ ነው የመጣሁት። መጀመሪያ ጥያቄዬን መልሺልኝ። ከኔ ኋላ ተራ የሚጠብቀው ስንት ሰው ነው?»

«ሠላሳ አንድ።»

«ዳማ ስንት ጊዜ ትወልዳለች?»

«አራት ጊዜ፤ ቢበዛ አምስት። ከዚያ በላይ አናስወልድም። በአንዱ ስድስት፣ ሰባት።»

ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሒሳቡን ሠራ። «ሱቄ እያለ» አለ፣ «አንድ የወንበር እግር ነበረችኝ። በሕይወቴ እንደሷ የተስተካከለ እግር አልወጣልኝም። ወንበር ላይ አልገጠምኳትም፤ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ሌላውን ሁሉ በሷ ልክ ነበር የምቆርጠው። ደንበኛ አይቶ ይኼን ግጠምልኝ ሲለኝ እምቢ እል ነበር። ትናንት ተኝቼ ሳለ እሷ ትዝ አለችኝ።» ትንፋሹን ሳበ። «ይቅር አላልኩሽም፤ እንዳይመስልሽ። ግን ገባኝ።»

ሚዛን አፏን በእጇ ሸፈነች።

«ዳማ አሁን የምትኖረው የት ነው?» አለ።

እናቶቹ በግቢው አይኖሩም፤ ከሰው ጋር እንዲለምዱ በበጎ ፈቃደኞች ቤት ይቀመጣሉ። ይኼን ስትነግረው፣ «እንግዲያው እኔ ቤት ትሁን» አለ።

«አትመራህም እኮ። እናት የሆነች ውሻ ሁለቱን ሥራ አትችልም። እቤት ሆና እያየሃት... እየነካሃት መንገድ በበትር ልትሄድ ነው?»

«ዛሬ በምን የመጣሁ መሰለሽ?»

በዚህኛው ግን ሚዛን እጇን አላስገባችም። ሻለቃ እንደ ማንኛውም አመልካች ቤቱን ሊፈትሽ ሄደና፣ ወዳጅነት ሳያግደው፣ ሁለት ጉድለት አወጣ። የበረንዳው አጥር ክፍተት ቡችላ ያሾልካል፤ መውለጃ የሚሆን ሳጥንም የለም። ወንድምየው ያን ቀን አልጋ ሥር ገብቶ ብርድ ልብሱን ጎትቶ አወጣ። መሮውን በአውራ ጣቱ ሲዳስስ ሚስቱ ኩሽና ገብታ በሩን ዘጋች፤ ስታለቅስ እንዳይሰማት። የበረንዳውን አጥር በሦስት ቀን ሞላው። ሳጥኑ ሁለት ሳምንት ፈጀበት። እናቲቱ ስትጋደም ቡችሎቹን ከግድግዳው ጋር እንዳትጨፈልቃቸው ውስጡን ዙሪያውን መከለያ እንጨት ይዞራል፤ ያን እንጨት ስንጣሪ እንዳይኖረው በብርጭቆ ወረቀት እያሸ በጉንጩ ነበር የሚፈትሸው። ሻለቃ ሳጥኑን ሲያይ ሦስት ጊዜ ዞረው። «ይኼን ሰው የት ደብቃችሁት ነው እስካሁን?» አለ።

ለዳማ ወንድ ሲመረጥ ሦስቱ ግማሽ ቀን ተከራከሩ። ዳማ ቸኩላ መሳብ ታበዛለች፤ ስለዚህ ጤንነቱ የተመሰከረለት፣ ከእሷ ቤተሰብ የማይገናኝ፣ እርምጃው ረጋ ያለ ወንድ ፈለጉላት። ሐኪሙ አንድ መልከ መልካም ቢያቀርብ ሚዛን በጆሮ ሕመም ጣለችው፤ ሻለቃ የወደደውን ደግሞ ሐኪሙ በዕድሜ ጣለበት። በመጨረሻ የተስማሙበት ወንድ መልኩ እንደ ነገሩ ቢሆንም፣ ከዚህ በፊት የወለዳቸው ልጆች ጫጫታ ገበያ ውስጥ እንኳ የማይበረግጉ ነበሩ።

ዳማ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳሎኑ ውስጥ ገብታ ሳለ፣ ምጥ ያዛት። ሚዛን መጣች። ሚስትየው ደብተር ይዛ የእያንዳንዱን ሰዓትና ክብደት መዘገበች፤ ወንድምየው ሳጥኑ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጦ እጁን የዳማ ሆድ ላይ አኖረ። እያንዳንዱ ቡችላ ከመምጣቱ በፊት «መጣ» ይላል፤ ይመጣል። እስከ አምስት ሰዓት ሰባት ቡችሎች ተደረደሩ። በእርግዝናዋ ጊዜ በተነሣችው ራጅ የተቆጠሩት ሰባት ነበሩ። ሚዛን እጇን ታጥባ እፎይ አለች።

«አላለቀም» አለ ወንድሟ።

«አልቋል። ሰባት ነበሩ።»

«አንድ ቀርቷል እልሻለሁ። እዚህ ጋ፣ ከጎድኗ ሥር።»

ሚዛን ዳሰሰች፤ ምንም አልመጣላትም። ለሐኪሙ ደወለች፤ አንዱ ከሌላው ኋላ ከተኛ ራጅ ሊስተው እንደሚችል ነገራትና መኪናውን አስነሣ። እሱ ሳይደርስ ዳማ አንዴ አቃሰተችና ስምንተኛው ወጣ። ትንሽ ነው፤ አይንቀሳቀስም። የሚዛን እጅ፣ ስንቱን ቡችላ ያዋለደ እጅ፣ ተዘረጋ። የወንድሟ እጅ ግን ቀድሞ ደረሰ። ሽፋኑን ቀደደ፣ አፉን በትንሿ ጣቱ ጠረገ፣ በፎጣ ጠቅልሎ ጭንቅላቱን ወደታች አድርጎ ያሸው ጀመር። ሚዛን «ጎኑን፣ ጎኑን፤ ጠንከር አድርገህ» ትላለች። ሚስቱ ደብተሩን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች። ደቂቃዎች አለፉ።

«ልቡ አለ» አለ። «እጄ ላይ ነው። አለ።»

ከዚያ ፎጣው ውስጥ፣ የዛገ ማጠፊያ እንደሚያሰማው ያለ፣ ቀጭን ጩኸት ወጣ። ወንድምየው ሳቀ። እየሳቀ እንባው አገጩ ላይ ወረደ፤ አልጠረገውም። በዚያው ቡችላውን ለእናቱ ሰጥቶ እርጥብ እጁን ወደ እህቱ ድምፅ ዘረጋ። ሚዛን ያዘችው። ሐኪሙ ገብቶ ሲያያቸው ሦስቱም ወለሉ ላይ ተቀምጠው ነበር።

ከስምንቱ አምስቱ ሥልጠናውን አለፉ። አንዷ በድንጋጤ ወደቀች፣ አንዱ በዓይን፤ ያ ስምንተኛው ደግሞ ድመት ባየ ቁጥር ሊያባርር ስለሚሮጥ፣ ድመት ለሌለበት አንድ ጡረተኛ ቤተሰብ ተሰጠ። ወንድምየውም ውሻ አግኝቷል፤ ከሌላ እናት የተወለደ «ከሰል» የሚባል ጥቁር ወንድ። ከሰል እንደ ዳማ አይደለም። ደረጃ ሲደርስ ቆም ብሎ ሁለቴ ያስባል፤ ዳቦ ቤት ሲያልፍ አፍንጫው ይከዳዋል። ወንድምየው ግን፣ «እኔም ደረጃ ላይ አስባለሁ፤ ተግባብተናል» ይላል። ከእሱ ጋር በየጠዋቱ ሁለቱን መሻገሪያ አልፎ የባልደረባው እንጨት ሥራ ቤት ይገባል። ለበጎ ፈቃደኞቹ ሁሉ የመውለጃ ሳጥን የሚሠራው እሱ ሆኗል።

ከዳማ ልጆች የመጀመሪያዋ ለምደባ የደረሰች ቀን፣ ሚዛን ዝርዝሩን ከፍታ ስልኩን ራሷ አነሣች። አንደኛ ተራ ላይ ያለችው በአንድ ሆስፒታል የስልክ ኦፕሬተር የሆነች ሴት ናት፤ ሦስት ዓመት ጠብቃለች። ሚዛን ማንነቷን ነግራ፣ «ተራሽ ደርሷል፤ ውሻ አለችሽ» አለቻት። ከሴትየዋ ኋላ ሌሎች ስልኮች ሲጮኹ ይሰማል፤ የሚያነሳቸው የለም።

«እየሰማሽኝ ነው?» አለች ሚዛን።

«እየሰማሁ ነው» አለች ሴትየዋ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ታንኮራፋለች?»

ሚዛን በሃያ ዓመት ሥራዋ ይኼን የጠየቃት ሰው አልነበረም። መዝገቡን ገለጠች፤ ዳሌ፣ ዓይን፣ ልብ፣ ድንጋጤ፤ ስለ ማንኮራፋት የተጻፈ ነገር የለም። «እውነቱን ልንገርሽ፣ አንኮራፊ ሳትሆን አትቀርም» አለች። «አባትየው ግድግዳ ያንቀጠቅጣል።»

ሴትየዋ ሳቀች። «ግድ የለም» አለች። «ቤቱ ዝምታ በዝቶበታል። መቼ ልምጣ?»